ሸክላ ሠሪዋ የሰጠችው ግጥም

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቆዪ ስንዱ፣ አትቸኩዪ፤ ያመጣሻቸውን ሁለት ግጥሞች አልረሳሁም። «ሁለቱም ስለ አንድ መንደር ሰዎች ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ይንቃቸዋል፣ ሌላው ያከብራቸዋል። የኔታ፣ የትኛውን ልመን?» አይደል ያልሽኝ? እንግዲያው ተቀመጪና ስሚ።

ይቺ ሸክላ ሠሪ ትርንጎ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገንቦና ድስት እየሠራች፣ ገበያ እያወጣች አንድ ሴት ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አንድ ባለጸጋ ገበሬ ለልጁ ጠየቃት። አገር ጉድ አለ! በዚያ አገር ድስቷን ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ እንጂ ሸክላ ሠሪዋን ራሷን የሚያስገባ አልነበረማ። ትርንጎ በደስታ የምትሆነውን አጣች። በጋውን ሙሉ ስትሠራ ከርማ ለድግሱ የሚበቃ ገንቦና ድስት በአህያ አስጭና ለአማቶቿ ላከች።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ስትደርስ ግን በሩ ሥር አስቀመጧት። ቦታውስ አላስጨነቃትም፤ ያስጨነቃት ምርቃቱ ነው። በአገሩ ደንብ ሙሽሮች በዳሱ መሐል የሁለቱንም ወገን ወላጆች ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። የሙሽራው አጎት፣ ኩሩ ሰውዬ፣ «የሷ ምርቃት ይቅር፤ ምን ያደርግልናል» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ልጇ የእናቷን ምርቃት በሰው ፊት ካላገኘች፣ በዚያ ቤት ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ ልትኖር ነው።

ጭፈራው ሲደምቅ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ መሐል ገባ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ተነሥቶ «ተቀበል!» ካለ፣ አዝማሪ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መዝፈን አለበት። አጎትየው ጠላውን በዋንጫ እንደያዘ ብድግ አለ።

«ተቀበል!» አለ።

«ጭቃ ስታቦካ እየዋለች በምድር፣
እንዴት ብላ ገባች ከጨዋ ሰው ሰፈር!»

አዝማሪው ምን ያድርግ? ዘፈነው። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ አቀረቀረ። ሙሽራዋ በነጠላዋ ተሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

ትርንጎ ደሟ ፈላ። ሰውየውን ድምጥማጡን የሚያጠፋ ግጥም ምላሷ ላይ መጥቶላት ነበር፤ እሷም ብትሆን አፍ አላት! ቀና ብላ ስታየው ግን ዋንጫውን ጨርሶ፣ ከአጠገቡ ካለው ገንቦ ደግሞ ሊቀዳ ጎንበስ ብሏል። ገንቦውን አወቀችው። አንገቱ ዙሪያ ያለው በአውራ ጣቷ ያበጀችው መስመር ነው። ሳቋ መጣ፣ ንዴቷም በዚያው ጠፋ። እሷም ብድግ አለች።

«ተቀበል!»

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ወደ እሷ ዞረ።

«ጭቃውን አቡክቼ ሠራሁት ገንቦዬን፣
ጠጣልኝ ወንድሜ፣ መርቅልኝ ልጄን።»

አዝማሪው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ጊዜ ምን ቸገረው! ሦስቴ ደጋገማት። አጎትየው ገንቦውን አየ፣ በእጁ ያለውን ዋንጫ አየ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። «ኧረ ይቺ ሴትዮ ጉድ ሠራችኝ!» አለ። የቀዳውን ጨልጦ ዋንጫውን አስቀመጠና የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ ከዳሱ መሐል አኖረው።

«ነዪ እትዬ ትርንጎ፣ እዚህ ቁጭ በይና ልጅሽን መርቂ። ካልከፋሽ ለኔም ይትረፈኝ።»

እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ተንበርክከው ጉልበቷን ሳሙ። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ አንድ ትራስ ላይ አርጁ» ስትል እንባዋና ሳቋ ተቀላቀሉ። አጎትየውም ከሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን!» ይል ነበር።

እንግዲህ ስንዱ፣ ያንቺም ግጥሞች እንደዚያው ናቸው። ሁለቱም ስለዚያው ጭቃ ነው የተናገሩት፤ ሴትዮዋ ጭቃ ማቡካቷ ውሸት አይደለም። አጎትየው ግን ጭቃውን አየና እዚያው ቆመ። እሷ ጭቃው ገንቦ ሆኖ፣ ገንቦው ሰው እስኪያጠጣ ድረስ ተከተለችው፤ የሰደባትን ሰውዬ እንኳ ጠጪና መራቂ አድርጋ ግጥሟ ውስጥ አስገባችው። እስቲ የሚንቀውን ግጥም እንደገና አንብቢው፤ የመንደሩ ሰዎች ከመቆሸሽ በቀር ሌላ ሥራ ሲሠሩ ታዪያቸዋለሽ? በሌላኛውስ? ግጥሙ ሲነበብ እነሱ ራሳቸው ቢመጡ ቁጭ ብለው የሚሰሙት የትኛውን ነው? የዚህን መልስ ስታገኚ የትኛውን እንደምታምኚ እኔን አትጠይቂኝም።

ደግሞ ብዕር መያዝሽን ሰምቻለሁ። ነገ ስለነዚያ ሰዎች ስትጽፊ የት ልታስቀምጪያቸው ነው፤ በሩ ሥር ወይስ ዳሱ መሐል?