ዲስክ ፍሬን ያስገጠመው ሾፌር

ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ነበረ። መኪናው ዕድሜዋ የገፋ ሚኒባስ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በአንድ ወገን ገደል።

የመኪናዋ ፍሬን የድሮው ባለ ታምቡር ነው። ቁልቁለት ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ አይይዝም። ሰውዬው ይህን ስለሚያውቅ ሞተሩ እንዲይዝለት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አጋማሹ ላይ ጥግ ይይዝና ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል፤ ፍሬኑ እስኪበርድ ተሳፋሪው ወርዶ ይቆማል።

ያላግጡበታል። "እንግዲህ ምሳችንን እዚሁ እንብላ" ይላል አንዱ። "በእግር ብንሄድ በቀደምንህ" ትላለች ሌላዋ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው አልተጫረበትም።

ፌዙ ግን አንጀቱ ገባ። ጋሽ ኑሪ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄዶ ለፊት ጎማዎቹ ቶሎ የማይግለውን ዲስክ ፍሬን አስገጠመ። ጋሽ ኑሪ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ስማ ልጄ፣ ፍሬኑን እንጂ ቁልቁለቱን አልቀየርኩልህም። ማርሽህን እንዳትተው" አሉት።

"እሺ ጋሼ" አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ሰሞን በሁለተኛ ማርሽ ወረደ። ቀጥሎ በሦስተኛ። ጥግ ይዞ መቆሙን እርግፍ አድርጎ ተወው። በኋላማ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ እያደረገ ዝም ብሎ ይለቃት ጀመር። ያዘለት። ደግሞ ያዘለት። መያዙን ሲያይ ለመደ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ፈለቀች እህቷን ልትጠይቅ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለባት።

"ማርሹን ፈታኸው እንዴ?"

"ዲስክ ነው እኮ።"

"የምትቆምበት ቦታ አለፈህ።"

"ዲስክ ነው አልኩሽ ፈለቀች። ደግሞ አንቺም ልታላግጪ ነው?"

ጥቂት እንደሄዱ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ሊጥ የረገጠ ያህል እግሩ ወለሉ ድረስ ገባ። ከግለቱ ብዛት የፍሬኑ ዘይት ፈልቶ ኖሯል። ማርሽ ሊያስገባ ታገለ፤ እምቢ አለው። ከፊቱ ገደል፣ ከኋላው የአሥራ አራት ሰው ነፍስ። መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው። መኪናዋ በጎኗ ድንጋዩን እየፋቀች ሄዳ ሄዳ ቆመች።

ሰው አልሞተም። ድንጋዩ የገባው ግን በፈለቀች በኩል ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ።

ጋሽ ኑሪ ሆስፒታል ሊጠይቋት መጡ። ሰውዬው፣ "ፍሬኑ ከዳኝ ጋሼ" አላቸው።

ሽማግሌው አልጋው ላይ ያለችውን አዩ፤ ከዚያም እሱን። "ልጄ፣ ያንን ሁሉ ዓመት በሰላም ያወረደህ ፍሬን መሰለህ? ፍርሃትህ ነበር። እሱን የት ጣልከው?"

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው ለመፍረድ አትቸኩሉ። ለእኛ ንስሐ የተሰጠን ለምንድን ነው? እንደ ፍሬን ከኃጢአት እንድንቆምበት አይደለም? እኛ ግን "ንስሐ አለ" እያልን እንሮጥበታለን። "ማታ ይቅርታ እጠይቃታለሁ" ብሎ ጠዋት ሚስቱን የሚያዋርድ የለም? "ጾሙ ሲገባ እተወዋለሁ" ብሎ ጾሙ እስኪገባ የሚሰክር የለም? የለም አትበሉኝ። አለ፤ እዚሁ ተቀምጧል።

ፈለቀች ባሏን ይቅር ብላዋለች። ከልቧ ነው ያለችው። ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ አንዱን እግሯን እየጎተተች ነው፤ እሱም ክንዷን ይዞ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ይቅርታ ዳሌ አይጠግንም።

እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ ይህን ማንም አያስክደኝም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። እናንተ በምሕረቱ ተማምናችሁ ስትጋልቡ፣ ከጎናችሁ የተቀመጠው ማን ነው? ድንጋዩ የሚገባው በማን በኩል ነው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ከጎናችሁ ያለውን ሰው ፊት እዩት።