«ገብቶናል» የተባለለት አዋጅ

አንድ ጊዜ፣ ድርቁ በርትቶ እናቶች ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን በሚጓዙበት ዘመን፣ አራዊት ግልገሎቻቸውን በአንድ በረት ማቆየት ጀመሩ። በረቱን ማን ይጠብቅ? ንጉሥ አንበሳ ይህን የሚወስን አዋጅ እንዲጽፍ ቀበሮን አዘዘው።

ቀበሮ ዋርካው ሥር ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ፦ «ዘበኛ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ የአገልግሎቱን ምንዳ በአደራ ከተረከበው ይዞታ በዓይነት ያነሳል። ገባችሁ?»

በዚያ አገር አንድ ክፉ ልማድ ነበር። አዋጅ ሲነበብ ራስን እየነቀነቁ «ገብቶናል» ማለት ጨዋነት፣ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን መሃይምነት ነበር። ስለዚህ ሁሉም «ገብቶናል!» ብለው ጮኹ። እመት አህያም ያለ የሌለ አንድ ውርንጭላዋን አጠገቧ አቁማ፣ አንዲት ቃል ሳይገባት፣ ከሁሉም በላይ አናፋች። ጅብ የበረት ዘበኛ ሲሾም እንኳ «እንዴት ተደርጎ?» የሚል አንድ ፍጡር ይጥፋ! ያናድዳል።

በማግስቱ እመት አህያ ከውሃ ስትመለስ፣ አያ ጅቦ ውርንጭላዋን አንገቱን ይዞ ሲጎትት ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሆዳም!»

«ደመወዜን እያነሳሁ ነዋ! ትናንት ‹ገብቶናል› ብለሽ የለም እንዴ?»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላልና ባሏን አልጠራችም። በረቱ በር ላይ ተጋድማ ኡኡታዋን አቀለጠችው። አራዊቱ ሁሉ፣ ንጉሡም ጭምር፣ ተሰበሰቡ።

ቀበሮ ቀደም ብሎ «ንጉሥ ሆይ፣ አዋጁ ግልጽ ነው፤ እሷም ገብቶኛል ብላለች» አለ።

«ዋሽቻለሁ! አልገባኝም ነበር!» አለች እመት አህያ። «እስቲ የገባው በራሱ አነጋገር ይንገረኝ! አንተ ከርከሮ? አንቺ ጦጢት? ንጉሥ ሆይ፣ እርስዎስ?»

ከርከሮ መሬት መሬቱን አየ። ጦጢት ብብቷን አከከች። አንበሳም ማኅተሙን ያሳረፈበትን አዋጅ አገላብጦ አየው። ንጉሥ ተብሎ!

አያ ጅቦ ግን ደረቱን ነፋ። «እኔ ገብቶኛል! መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ቀበሮን ብጠይቀው በየቀኑ አንድ ግልገል ትበላለህ ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ። ጭኑን ለእኔ አስቀርልኝም ብሎኛል።»

አንበሳ አገሳ። ቀበሮ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ጅቡም ውርንጭላውን ጥሎ ተከተለው።

አራዊቱ እልል አሉ። እመት አህያ ግን የልጇን ቁስል እየላሰች ቀና አለችና «ምኑ ነው እልል የሚያሰኛችሁ?» አለቻቸው። «ከሁላችንም ጅብ ተሽሎ ተገኘ። እሱ እንኳ ‹ገብቶኛል› ያለው ጠይቆ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ አላዋቂ እንዳይባል ፈርቶ ያልገባውን «ገባኝ» የሚል ሰው በገዛ ልጁም በጎረቤቱም ልጅ ላይ እንደሚፈርድ ነው።