የሸርጣን ደጅ

ተረት ተረት፣ የውሃ መሠረት።

በአንድ ጨዋማ ባሕር ዳር፣ ዝናብ ከሚሞላው ረግረግ ጫፍ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር እንግዳ ወዳድ ሸርጣን ነበር። በየዓመቱ መጋቢት ሲገባ ወደ ሰሜን የሚያልፉት ሽመላዎች ከረግረጉ በላይ ሲደርሱ መሪያቸው «ቤቶች!» ይላል፤ ሸርጣንም «ደጆች! ግቡ!» ይላል። ወርደው፣ ጠጥተው፣ ዓሣ በልተው፣ አርፈው ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ረግረጉ ደርቆ ጨው ብቻ ሆነ። መጋቢት ገባ። ከሰማይ «ቤቶች!» የሚል የደከመ ድምፅ መጣ።

ጓዟን ሸክፋ ለስደት የተነሳችው እንቁራሪት፣ «ዝም በል! ዝም ካልክ ሰው የለም ብለው ያልፋሉ፤ የቀረቻቸው አቅም ከማዶው ሐይቅ ታደርሳቸዋለች» አለችው።

«ደጄ ላይ ቤቶች ተብሎ እንዴት ዝም እላለሁ? ምን ይሉኛል?» አለና ሸርጣን ጮኸ፤ «ደጆች! ግቡ!»

ሽመላዎቹ በቀረቻቸው አቅም ወረዱ። ሸርጣን ዓይኑን ሰብሮ «እንግዲህ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» አላቸው። መሪው ነጩን ጨው አየ። ግቡ ተብሎ ሳይቀምሱ መነሳት ግን ነውር ሆነበትና ጎንበስ ብሎ ቀመሰ። «እግዜር ይስጥልን፤ ቤትህ ይሙላ» አለ። ሌሎቹም ቀመሱ። ከዚያ ጨው ላይ አንድም ክንፍ አልተነሳም።

በዓመቱ ዝናቡ መጣ፤ ቤቱም ሞላ። መጋቢት ገብቶ ሲወጣ ግን ከሰማይ የተጣራ የለም። ሸርጣን ንፋስ ሽው ባለ ቁጥር ከጉድጓዱ ብቅ ይልና፣ «ደጆች! ግቡ!» ይላል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ።