ቤት ያልመታው ሙሾ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። ላሚቱን አያ ጅቦ በልቷታል፤ የተረፈው ባዶ በረትና ራሱ በላተኛው የገጠመላት ሙሾ ነው።

አያ ጅቦ ሙሾውን በራሱ ወጪ አሳትሞ ገበያ ሊያወጣው ቆርጧል። መቼም ከልቡ ነው፤ ግሳቱ እያቋረጠውም ቢሆን እያለቀሰ ነው የጻፈው። ብቻ ከመታተሙ በፊት እውነቱን የሚነግረው ሰው ፈለገና ፍየልን መንገድ ላይ አስቁሞ አነበበላት፦

«ላሜ ደጊቱ፣ ላሜ የዋሂቱ፣
ከሆዴ አትወጪም እስክሞት ድረስ።»

«በይ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም» አላት፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ።

ፍየል ዓይኗን ከጥርሱ ሳትነቅል «ኧረ አያ ጅቦ፣ አንጀቴን በላኸው!» አለች። ወዲያው የገዛ ቃሏ አስደነገጣትና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ይሄኔ ከአጠገባቸው ድንጋይ መስላ የተኛችው ኤሊ፣ አንገቷን እንኳ ሳታወጣ፣ «ስንኙ ቤት አይመታም» አለች።

ግጥም ሳይማር ገጣሚ የሆነው አያ ጅቦ ደሙ ፈላ። «የኔ ስንኝ ነው ቤት የማይመታው? ሲመታ ታያላችሁ!» ብሎ እያነበነበ ወደ መንደር ሮጠና ያገኘውን የመጀመሪያ ቤት በር በግንባሩ ጓ አደረገው። በሩ ተከፈተ። ባለቤቱ በዱላ፣ ውሾቹ በጥርስ ተቀበሉት።

ጥቂት ቆይቶ ከገደሉ ማዶ ጩኸት ተሰማ፦

«ወይኔ ጀርባዬ!
ወይኔ ጭራዬ!»

ኤሊ አንገቷን ብቅ አድርጋ አዳመጠች።

«አሁን ቤት መታ» አለች።