የመዝሙር ደራሲውና ስድስቱ ወረቀቶች

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው መዝሙር መድረስ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲጽፍ ኖሮ ሁለት መቶ አሥራ አራት መዝሙር ደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ያለ ስሙ በሌሎች ካሴት ላይ ወጥተውበታል። ሁለት መቶ አምስቱ በስሙ መዘመራቸው አላጽናናውም፤ ዘጠኙ ከአእምሮው አልወጡም።

ስለዚህ ሰዎቹን ማጥናት ጀመረ። መዘምራኑን የሚመሩ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አዲስ መዝሙር ሲደረስ ወረቀቱ መጀመሪያ የሚሰጠው ለእነሱ ነው። አንዱ ከልምምድ ቶሎ ከወጣ «ወረቀቱን የት ሊያደርሰው ነው?» ይላል። ሌላው ከዘገየ «ምን ሊገለብጥ ነው?» ይላል። የቸኮለውም የዘገየውም እኩል ይጠረጠራል።

አንተም ልጄ፣ ለሸማኔዎችህ ወጥመድ ላጥምድ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ እሱ ያጠመደውን ስማ።

አንድ አዲስ መዝሙር ደረሰ፤ በዕድሜው ከደረሳቸው ሁሉ አብልጦ የወደደውን። ዋናውን ቅጂ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ ስድስት ቅጂ በእጁ ጻፈና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ዜማውን አጣመመ። በአንዱ ሦስተኛው መስመር ላይ መውረድ ያለበት ድምፅ ይወጣል፤ በሌላው ሰባተኛው ላይ ቶሎ ማለቅ ያለበት ይረዝማል። የስድስቱም ጠማማ ቦታ የተለያየ ነው። መዝሙሩ ሌላ ቦታ ከተሰማ፣ ሌባው በጠማማው ቦታ ይታወቃል። «ለየብቻችሁ ቤታችሁ አጥኑት፤ ልምምድ ከወር በኋላ እንጀምራለን» ብሎ አደላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ማዶ ሰፈር ያለች ቤተ ክርስቲያን አዲሱን ሕንጻዋን ስታስመርቅ እሱም ተጠርቶ ሄደ። መዘምራኑ ተነሥተው ጀመሩ፤ መዝሙሩ የእሱ ነው። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ በጣቶቹ ይቆጥር ጀመር። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁ ወረደ። ሰባተኛው ላይ ቶሎ አለቀ። ስድስቱንም ቦታ በልኩ አለፉት። ስድስተኛውን እንደ ቆጠረ መጨረሻውን ሳይጠብቅ ወጣ።

«ሳጥኔ ተከፍቷል» አለ በልቡ። ቤቱን የምታውቀው ደግሞ ከስድስቱ አንዷ ብቻ ናት፤ ሠላሳ ዓመት አብራው ያገለገለች፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ሠርታ የምታመጣለት ባልቴት።

በማግስቱ ስድስቱንም ሰብስቦ በሁሉም ፊት፣ «ሳጥኔን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ወረቀትሽን መልሺና ከመዘምራኑ ውጪ» አላት።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከፍታ ስድስቱንም ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ ሳጥንዎን አልነካሁም። አንድ ቀን ሁለት ሆነን ስናጠና ወረቀታችን አልገጠመም። ሌሎቹን ከነወረቀታቸው ጠራን፤ ወረቀቶቹም እኔ ጋ ቀሩ። በእያንዳንዱ ቦታ አምስቱ አንድ ዓይነት ይላሉ፣ አንዱ ብቻውን ያፈነግጣል። አምስቱን አመንን፤ መዝሙሩ ቀና። ዓይንዎ የደከመ መሰለን። ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብለን ላንናገር ተስማማን።»

«ለእነዚያ ለማዶዎቹስ ማን ሰጣቸው?»

«እኛ ነን። ለምረቃው ብለው ለመኑን። እንንገርዎ ስንል የስህተቱ ነገር ሊነሣ ሆነ፤ ተውነው። ሲጨርሱ ስምዎን ጠርተው ይነሡልን አሉ። ወንበርዎ ባዶ ነበር።»

ከስድስቱ ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምረው ሰውዬ ሳቅ አለና፣ «መነጽር ልንገዛልዎ መዋጮ ጀምረናል። እኔ እንኳ ገና አልከፈልኩም» አለ።

ደራሲው እዚህ ላይ «አዎ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ይቅር በይኝ» ቢል ኖሮ ሁሉም በዚያው ያልቅ ነበር። ግን በሙያው ተሳሳተ መባልን አልቻለም።

«ዓይኔ ደኅና ነው» አለ። «ሆን ብዬ ነው ያጣመምኩት። ከመካከላችሁ ሌባውን ልይዝ ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ የራሷን ወረቀት መዝዛ፣ «የእኔ የቱ ጋ ነው?» አለችው። በጣቱ አሳያት። ትንሽ ተመለከተችውና አጣጥፋ መለሰችለት።

ማንም አልተጣላውም። እሑድ ስድስቱም መጥተው ዘመሩ። የቅዳሜው ወጥ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ወረቀት በሰጣቸው ቁጥር፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ስድስቱን ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግተው መስመር በመስመር ያስተያያሉ። እሱ ፊታቸው ቆሞ ይጠብቃል። ዘጠኙን መዝሙሮች ማን እንዳወጣቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አየህ ልጄ፣ ስምንት ሸማኔ አለህ። የጥለትህ ንድፍ ገበያ ላይ ስለታየ፣ ለእያንዳንዳቸው የተዛባ ንድፍ ሰጥቼ ሌባውን ልያዝ ትለኛለህ። ዝም ብለህ እመናቸው አልልህም፤ እኔም ማጉን ሳልቆጥር ለማንም ሸማኔ ሰጥቼ አላውቅም። ግን የምቆጥረው እያዩኝ ነው፤ እነሱም አብረውኝ ይቆጥራሉ። አንተ እንደዚያ ደራሲ ተደብቀህ ከቆጠርክ፣ ሌባው ተያዘም አልተያዘም፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምትቆጠረው አንተ ነህ። አንተ በሁለት ዓይን፣ እነሱ በአሥራ ስድስት።