እንኳን ደስ አላችሁ፣ አጥሩ ሊነሳ ነው

ይህን ተረት ለማውራት በመድፈሬ አስቀድሜ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨዋ ሰው ስለ ጅብ አስተዳደር አያወራም። ቢያወራም ስለ መልካም ጎኑ ነው፤ ስለ መልካም ጎኑ ደግሞ አስተዳደሩ ራሱ ሲያወራ ስለሚውል ለሌላው የሚተርፍ ወሬ የለም። እኔ ግን ምላሴን መግታት አልታደልኩምና ልናገረው። ጥፋት ከተገኘበት የተረቱ እንጂ የእኔ እንዳይሆን አደራ።

ግራር ሜዳ የምትባል የእንስሳት ከተማ ነበረች። ንጉሧ አንበሳ ነው፤ በላይኛው ዋሻ ይተኛል፤ ከተኛ ዘመናት አልፈዋል። ወደ ታች የሚሰማው ማንኮራፋቱ ብቻ ነው። ማንኮራፋቱን ወደ ትእዛዝ የሚተረጉመው የከተማዋ አስተዳዳሪ አያ ጅቦ ነው። ትርጉሙን የሚጠራጠር ወደ ዋሻው ወጥቶ ንጉሡን ራሱን መጠየቅ ይችላል፤ መብቱ ነው። ወጥቶ የተመለሰ ስለሌለ ግን መልሱ ምን እንደ ነበር እስካሁን አልታወቀም።

ከተማዋ ዙሪያዋን በእሾህ የታጠረች ናት። አያ ጅቦ ቀን ቀን በበሩ ገብቶ ያስተዳድራል፤ ሲመሽ ነዋሪው በክብር ይሸኘውና በሩን ከኋላው በእሾህ ይደፍናል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። በውጭ ከሚኖሩት ከጥንቸሎች በስተቀር ቅር ያለው አልነበረም።

በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ነዋሪው ሁሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ የመስከረሙን ዜና ይሰማል፤ አስተዳደሩ በክረምቱ የሠራውን፣ በበጋው ሊሠራ ያሰበውን። ከባድ ጉዳይ ከሆነ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በሌላ ጉባኤ ይጸድቃል። በጉባኤው ላይ ዕድሜ ጠገቡ አባ ኤሊ ሳይናገሩ ማንም አፉን አይከፍትም፤ ታላቅን መቅደም ነውር ነው። አባ ኤሊ ደግሞ አያ ጅቦ ጉሮሮውን በጠረገ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ድንጋይ ልብሳቸው ይሰበስባሉ። ጉባኤው በአክብሮት ይጠብቃቸዋል። የዋርካው ጥላ ጉባኤውን አልፎ ሲሄድ አያ ጅቦ ይነሳና «ዝምታ የመስማማት ምልክት ነው፤ ጸድቋል» ይላል። ሁሉም ታላቁን ባለመድፈሩ ኮርቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሳይጠብቅ የሚናገር አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ አዋጅ ነጋሪው አህያ ጋሽ ዳለቻ። ከዋርካው ሥር ሲጮህ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። አያ ጅቦ ቃሉን በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ እሱ ያንኑ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በሙያው እንዴት እንደተካነ ሲጠየቅ እንዲህ ይል ነበር፦

«ነገር በጆሮዬ ይገባል፣ በአፌ ይወጣል። መሐል ላይ የሚነካው የለም። ጆሮዬ የረዘመው ለማስተዋል መስሏችሁ ነው? እቃ መቀበያ ነው እንጂ!»

በራሱ መቀለድ ይወዳል። ቀልዱ እውነት መሆኑን ግን አልጠረጠረም።

የዚያን ዓመት ዜና እንዲህ ነበር።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው ጭቃ በአስተዳደሩ ያላሰለሰ ጥረት ደርቋል!» ፀሐይዋ ምንም አላለችም።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ጎርፍ የወሰደው የግንድ ድልድያችን በታችኛው ወንዝ ለሚኖሩ ወንድሞቻችን በስጦታ ተልኳል!»

«እንኳን ደስ አላችሁ! የጥንቸሎች ቁጥር በመቀነሱ የጉድጓድ እጥረቱ ተቃልሏል!» የተረፉት ጥንቸሎች ከሁሉ ቀድመው አጨበጨቡ።

«እንኳን ደስ አላችሁ! የከተማችንን ውበት ያጎደፈው የእሾህ አጥር ተነስቶ በምትኩ አበባ ይተከላል! ጉዳዩ በመጪው የገበያ ቀን ይጸድቃል!»

ዳለቻ ጉሮሮው ሞቆ፣ ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ከአጥሩ ሥር ነው። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ውርንጭላዋን ከፊቷ አቁማ ሣር ታበላለች። አያ ጅቦ በበሩ ሲያልፍ ሁልጊዜ «ማንጠግቦሽ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ስም ነው!» ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ ጀርባዋን አዙራ እግሯን ታዘጋጃለች።

«ዛሬ ምን ተባለ?» አለችው።

«ደስ የሚል ነገር።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው?»

«እሱን ረስቼዋለሁ። ደስታው ግን ትዝ ይለኛል።»

«ወይ አንተ! ከዚህ ሆኜ ሰማሁህ እኮ። አጥሩ ይነሳል ብለህ ጮህክ።»

«የቱ አጥር?»

«ይሄ አሁን ጀርባህን የምታክበት!»

ዳለቻ ማከኩን አቆመ።

«እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አንተ ነህ። ያውም አሳምረህ።»

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ «አሳምረህ» የሚለው ቃል ለአንድ አፍታ ደስ አሰኘው። ከዚያ ውርንጭላዋን አየ። ወተት ያልለቀቀ አፏን በእሾሁ ላይ እያሻሸች ትጫወታለች። ጆሮው ተንጠለጠለ።

በማግስቱ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ። አያ ጅቦ እያነከሰ ተቀበለው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚባል ሐሜት አለ፤ ሐሜት ነው።

«ጌታዬ፣ ስለዚያ ስለ አጥሩ ነበር አመጣጤ። ቤቴ ከሥሩ ነው። ልጅም አለችኝ።»

«አውቃለሁ እንጂ! እንዴት ናት? አደገች? ወፈረች?»

«ኧረ ከስታለች» አለ ዳለቻ ቶሎ ብሎ።

«ምነው? አብሏት እንጂ፣ ምን ነካችሁ! ለመሆኑ አበባ ትፈራለህ?»

«አበባስ አልፈራም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትፈራው? ንገረኝ፣ አትፈር።»

ዳለቻ ሊናገር ቀና ሲል ከአያ ጅቦ ጥርሶች ጋር ተገጣጠመ። «ጉንፋን ነው ጌታዬ። ነፋስ ይገባል ብዬ ነው።»

«ለጉንፋንህ አስተዳደሩ መፍትሔ አለው» አለ አያ ጅቦ በርኅራኄ። «ቅሬታ ካለህ ግን በጉባኤው መናገር መብትህ ነው። አባ ኤሊ እንደ ጨረሱ።»

ዳለቻ እያዘነ ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ መጣበት። ሐሳብ መጥቶበት ስለማያውቅ መጀመሪያ ዝንብ መስሎት ጆሮውን አራገፈ። ሐሳቡ ግን አልሄደም፤ ከአባ ኤሊ በፊት መከፈት የተፈቀደለት አፍ በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሱ የራሱ ነው!

ፍየሏንና በጓን ከወንዙ ዳር አገኛቸው።

«እሾሁ ለእኔ ምሳ ነበር» አለች ፍየሏ፤ «ቢሆንም አጥር ሆኖ ይቆይልኝ።»

«ሌላው አይነሳ ካለ እኔም እላለሁ» አለች በጓ። «ግን ማን ይጀምራል?»

«አንቺ ጀምሪ።»

«እኔ? እኔ እኮ በግ ነኝ!»

«እኔ እጀምራለሁ» አለ ዳለቻ። «እናንተ ከኋላዬ ‹አይነሳ!› ትላላችሁ። በእናታችሁ ትላላችሁ?»

«በቀንዴ!» ብላ ማለች ፍየሏ። በጓ ቀንድ ስላልነበራት እሷም በፍየሏ ቀንድ ማለች።

ማታ ይህን ለማንጠግቦሽ ነገራት።

«በእነሱ ተማምነህ?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው።»

«ጎረቤት መሆናቸውንማ መች አጣሁት። በል አንተ ለሕዝቡ ንገር። እኔ ለልጄ እነግራታለሁ።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ዳለቻ ከዋርካው ሥር ቆመ። አያ ጅቦ በጆሮው ሹክ አለው፤ ቃሉ ገባ፣ ግን አልወጣም። መሐል ላይ አንድ ነገር ይዞት ቀረ። ዳለቻ አፉን ከፈተ፤ ሊናገር ያሰበው «ወገኖቼ ሆይ!» የሚል ነበር።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አለ አፉ።

ምላሱን ሊነክሳት ምንም አልቀረው። ግን ከጀመረ ወዲያ መመለስ የለም፤ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ጮኸ፦ «አጥሩ ከተነሳ ጅብ ይገባል! ልጆቻችን ይበላሉ! መጀመሪያ የእኔ፣ ቀጥሎ የእናንተ!»

የአያ ጅቦ ፀጉር ቆመ። ወደ ጉባኤው ሲመለከት ግን ቀስ ብሎ ተኛ። ጉባኤው የጭቃውን ዜና በሰማበት ፊት፣ የድልድዩን ዜና በሰማበት ፊት ተቀምጧል። ጥንቸሎቹ አጨበጨቡ።

«አቤት ድምፅ!» አለች ፍየሏ። «ዛሬስ ጭራሽ አማረበት።»

«አሁን ነው ‹አይነሳ› የምንለው?» አለች በጓ በሹክሹክታ።

«ኧረ አባ ኤሊ ይቅደሙ! ምን ዓይነት ባለጌ ነሽ?»

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ኤሊ ወደ ድንጋያቸው ገቡ። ጉባኤው በአክብሮት መጠበቅ ጀመረ።

«በሉ እንጂ!» አለ ዳለቻ። ፍየሏ ከእግሯ ሥር ያለውን ሣር አዲስ እንዳየች ሁሉ መረመረችው። ጥላው በቀስታ ጉባኤውን አልፎ ሄደ።

«ዝምታ የመስማማት ምልክት ነው» አለ አያ ጅቦ። «አዋጅ ነጋሪያችን ግልጽ አድርጎ በዘረዘረው መሠረት እንዳለ ጸድቋል። ቅደም ተከተሉም ጭምር።»

በዚህ ጊዜ ከወንዙ ማዶ አንድ ጩኸት ተሰማ። ማንጠግቦሽ ናት። ጉባኤው ሲጠብቅ እሷ ውርንጭላዋን አስከትላ በበሩ ወጥታ ነበር፤ በታችኛው ወንዝ፣ በስጦታ የተላከው ግንድ ከወንዙ ጠባብ ቦታ ላይ ተጋድሞ ውኃውን ገድቦ ስለቆየ፣ ከግንዱ በታች ከጉልበት በማያልፍ ውኃ ተሻግረዋል። ድምፅዋ እንደ ዳለቻ አያምርም። የምትለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ና!»

ዳለቻ ሰማ፤ ገባው። በሩ ክፍት ነው። አንድ እግሩን አነሳ።

«ጋሽ ዳለቻ» አለ አያ ጅቦ በለዘብታ፣ «ጉባኤው አልተዘጋም እኮ። ሳትዘጋ ልትሄድ ነው? ነውር አይደለም?»

ዳለቻ ቆመ። አሰበው፤ እውነትም ነውር ነበር። ያነሳውን እግር መለሰ፤ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ ጮኾ አያውቅም ይባላል።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ጉባኤው ተዘግቷል!»

በተከታዩ መስከረም አበባው በአጥሩ ቦታ ደምቆ ወጣ። ዜናውን ያነበነበው አያ ጅቦ ራሱ ነበር፤ ድምፁ ትንሽ ይጎረብጣል። «እንኳን ደስ አላችሁ። በከተማችን ነዋሪውን ሲያውክ የኖረው ጩኸት ቆሟል። የጉባኤው ሥፍራም ሰፍቷል።» ሥፍራው እውነትም ሰፍቶ ነበር። በጓ ብቻዋን ተቀምጣ ወዲያ ወዲህ ብትል የምትምልበት ቀንድ አጣች።

ያን ጊዜ ከማዶ ገና ያልጠነከረ፣ ቀጭን የአህያ ጩኸት መጣ፦ «ኑ!» ምን እንደሚል የተረፉት ሁሉ ሰምተዋል። ሁሉም ዞረው አባ ኤሊን አዩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን ተረት ለማንም እንዳትደግሙብኝ እለምናለሁ። ሰምታችሁ ዝም በሉ። ዝምታችሁ ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ ግን እኔ አልነግራችሁም፤ ታላቅን መቅደም ነውር ነው።