የይመር እምብስ

በወሎ ገደላማ አገር፣ በማይረባው ሲደክም ዋናው ያመለጠውን ሰው የሚተርቱበት አባባል አለ። ብዙዎቹ መነሻውን ሳይጠይቁ ይተርቱታል። ነገሩ የደረሰው ግን ይመር በሚባል ገበሬ ላይ ነው ይላሉ።

ይመር የነበረው አንድ በሬ ብቻ ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ከገደሉ ማዶ የሚኖረው ሙሄ ትርፍ በሬ ስለነበረው፣ በኅዳር፣ በሽማግሌው በሼህ ኑርዬ ፊት አዋሰው። ቀጠሮው በእምብስ ሆነ። እምብስ ድንጋያማ ቦታ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ በጋው ሲበረታ ቅጠሉ በርበሬ መስሎ ይቀላል። በይመር ደጅ የበቀለው ከሙሄ ግቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱ ሲቀላ በሬው ሊመለስ ተስማሙ።

ጥር ሲገባ ይመር ጨነቀው። የበልጉ ዝናብ ገና ነው፤ በሬው ከሄደ ማሳው ጦም ማደሩ ነው። ሙሄ ዘንድ ሄዶ ትንሽ እንዲታገሠው መለመን ይችል ነበር። ኩራት ያዘውና ብልጠት መረጠ። እንስራ አዝሎ ከወንዝ እየቀዳ እምብሱን ያጠጣ ጀመር። ወንድ እንስራ አዝሎ ያዩ ሴቶች ምን እንዳሉት አልደግመውም። የተረፈችውን ውሃ ለሙሄ በሬ ይሰጣል፤ የሰው ንብረት ነዋ። አራስ የነበረችው ሚስቱ ሉባባ፣ የራሳቸው በሬ ውሃ ካየ ሦስት ቀን እንደሆነው ነገረችው።

«ነገ ወንዝ አወርደዋለሁ» አላት።

በማግስቱ እምብሱ ጠውልጎ አገኘውና በሬውን ረሳው።

የዳገቱ እምብስ ሁሉ ቀልቶ የይመር ብቻ እንደለመለመ የካቲት ገባ። አንድ ቀን የይመር የራሱ በሬ ጥሙ ቢጠናበት ገመዱን በጥሶ ወደ ወንዙ ሲወርድ ከገደሉ ተንከባሎ ሞተ።

ሙሄ መርዶውን ሰምቶ ከሼህ ኑርዬ ጋር መጣ። እምብሱን ዞሮ አየው፤ ሥሩ ጭቃ ነው። ነገሩ ቢገባውም አልተቆጣም።

«ውል ውል ነው፤ ቅጠሉ አልቀላም፤ በሬዬ ይቆይህ» አለው። «ግን ወንድሜ፣ ከምን ጋር ትጠምደዋለህ?»

ይመር ከኀዘኑ እፍረቱ ባሰበት። ለቅሶ መስሏት የመጣች ጎረቤት በቤቱ ምን እንደደረሰ ብትጠይቅ፣ ሼህ ኑርዬ ከዘራቸውን አንስተው ለመሄድ እየተነሡ መለሱላት፦ «እምብስ ሲያጠጣ፣ በሬውን አጣ።»